ሃይደልበርግን ሃይደልበርግ ያደረጋት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጅማ የምኖር የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ስለ ሮማንቲሲዝም፣ ማለትም ስሜትንና ምናብን ስላስቀደመው የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ፣ ስንማር ሃይደልበርግ የምትባል የጀርመን ከተማ ስሟ ደጋግሞ ተነሳ። አንዲት ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ይህን ያህል ዝና እንዴት አገኘች? እኔም ከጓደኞቼ ጋር የአካባቢያችንን አዛውንቶች ዘፈን ለመሰብሰብ አስቤያለሁ፤ ከእነሱ የምንማረው ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አለ እንጂ እህቴ! ዩኒቨርሲቲው በ1386 የተመሠረተ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተዳክሞ ነበር። ከተማዋ በ1803 ባደን በምትባለው የጀርመን ግዛት ሥር ስትገባ ገዢው ካርል ፍሪድሪክ እንደገና አደራጀው። አዳዲስ መምህራን መጡ፣ ወጣቱም ተከተለ።

ዋናው ነገር ግን፣ በእኔ እምነት፣ የሁለት ሮማንቲክ ደራሲ ጓደኛሞች ሥራ ነው። ክሌመንስ ብሬንታኖና አኺም ፎን አርኒም ሥራውን ሲጀምሩ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ከቆዩ መጻሕፍትና ከሰው አፍ የሕዝብ ዘፈን እየለቀሙ ከ1805 እስከ 1808 ድረስ «የልጁ ተአምረኛ ቀንድ» በሚል ርዕስ በሦስት ቅጽ አሳተሙ። ታላቁ የጀርመን ገጣሚ ጎተ የመጀመሪያውን ቅጽ አንብቦ በየቤቱ መኖር ያለበት መጽሐፍ ነው አለ።

ጊዜውን አስቢው። የናፖሊዮን ጦር አገሩን ያምሰዋል፣ የጀርመን አገሮችን ለዘመናት ያቀፈው ቅዱስ የሮማ ግዛት በ1806 ፈርሷል፣ አንድ ጀርመን የሚባል መንግሥት የለም። የጋራ ሆኖ የቀረው ቋንቋውና ዘፈኑ ነበር። ዮሴፍ ገረስ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያስተምራል፣ በኋላ ታላቅ ገጣሚ የሆነው አይሸንዶርፍም በ1807 ሕግ ሊማር መጥቶ እሱን ያዳምጣል። ከበላያቸው ደግሞ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ጦር በ1689 እና በ1693 ያፈረሰው ቤተ መንግሥት አለ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከኮረብታው ሆኖ ጅማን ሲያይ ለምታውቂ ላንቺ፣ እንዲህ ያለ ቦታ የወጣትን ልብ ምን እንደሚያደርግ አልነግርሽም።

በ1808 መጨረሻ ይህ የሃይደልበርግ ሮማንቲኮች ቡድን ተበታተነ። ዘፈን በማሰባሰቡ ያገዟቸው ወንድማማቾቹ ግሪም ግን በ1812 የራሳቸውን የተረት መጽሐፍ አወጡ።

አሁን ወደ ሥራችሁ። አርኒምና ብሬንታኖ ዘፈኖቹን እንደሰሟቸው አልተዉም፤ ቆርጠዋል፣ ቀጥለዋል፣ የራሳቸውንም ጨምረዋል። በዚያው ከተማ ይኖር የነበረው ገጣሚና ተርጓሚ ፎስ በዚህ ክፉኛ ነቅፏቸዋል፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። እናንተ መጀመሪያ ድምፁን ቅዱ። ከዚያ በተዘፈነበት ቋንቋ፣ ኦሮምኛም ይሁን ሌላ፣ ቃል በቃል ጻፉት። የዘፋኙን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን ከሥሩ አስፍሩ፤ ስማቸው እንዲወጣ ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቋቸው። ማሳመር ካማራችሁ በሌላ ደብተር።