ክረምት ከበጋ የሚለወጥ አፈርና ራሱን የሚለውጥ አንቴና

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ አካባቢ ነው። የተቀበሩ የውኃ ቧንቧዎችን በራዳር ለመፈለግ ከመዳብ የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስል አንቴና ሠርቻለሁ። ጠረጴዛ ላይ በ400 ሜጋኸርዝ በደንብ ይሠራ የነበረው አንቴና ግቢያችን ውስጥ መሬት ላይ ሳስቀምጠው ድግግሞሹ ዝቅ ይላል፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ይብስበታል። በፒን ዳዮድ (በኤሌክትሪክ በሚበራና በሚጠፋ ትንሽ ማብሪያ) ቅርጹን የሚቀያይር አንቴና ብሠራ መፍትሔ ይሆነኛል?

መልስ፦ ችግሩን በከፊል ይፈታልዎታል፤ የቱን ከፊል እንደሆነ ግን አስቀድመው መለየት ይኖርብዎታል።

የሬዲዮ ሞገድ በአየር ውስጥ በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ (ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚያሳየው ልክ) 9 በሆነ ደረቅ አፈር ውስጥ 10 ሴንቲሜትር፣ ውኃ ጠጥቶ ቁጥሩ 25 በደረሰ አፈር ውስጥ ደግሞ 6 ሴንቲሜትር ብቻ ይሄዳል። አንቴናው መሬት ላይ ሲያርፍ ግማሽ ጎኑ አፈሩን ስለሚያይ፣ ርዝመቱ ሳይለወጥ የሚስማማው ድግግሞሽ ይወርዳል፤ ኢምፒዳንሱም፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ አብሮ ይቀንሳል። ከኬብሉ ጋር ሳይጣጣም ሲቀር የተላከው ምት በክንፎቹ ላይ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። 50 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ቧንቧ በደረቁ አፈር ምላሹን የሚልከው በ10 ናኖሰከንድ ነውና፣ ይህ መመላለስ እስከዚያ ከቆየ ቧንቧው ይሸፈናል።

ቅርጽ መቀያየር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በኔዘርላንድስ ዴልፍት የሚገኙ ተመራማሪዎች ክንፉን ከብዙ ሽቦዎች ሠርተው፣ ሽቦዎቹን በማገናኘትና በመለያየት የክንፉን ስፋት እንደ አፈሩ የሚያስተካክል አንቴና እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ክንፉ ሲጠብ ኢምፒዳንሱ ስለሚጨምር፣ እርጥብ አፈር የቀነሰውን ይመልሳል። ዳዮዱ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ለማብራትና ለማጥፋት ኤሌክትሪክ የሚያደርስለት ቀጭን ሽቦ ራሱ አንቴና ሆኖ እንዳያስቸግርዎት ከክንፎቹ ዘንግ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ይዘርጉት፣ ከመጋጠሚያውም አጠገብ ትልቅ ሬዚስተር ያስገቡበት።

ዋልካን በተመለከተ ግን ቁርጡን ልንገርዎ። የአቃቂ ጥቁር አፈር በክረምት ሲያብጥ፣ በበጋ ሲሰነጣጠቅ አጥር ያጠሩ ሁሉ ያውቁታል፤ ለራዳርም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው። ዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ 25 የሆነ እርጥብ ሸክላ በሜትር 50 ሚሊሲመንስ ኤሌክትሪክ ቢያስተላልፍ፣ ሞገዱ በሜትር 16 ዴሲቤል ገደማ ይዳከማል፤ አንድ ሜትር ወርዶ ሲመለስ ከኃይሉ የሚተርፈው ከሺህ አንድ እጅ በታች ነው። ይህን ኪሳራ የትኛውም ዳዮድ አይመልሰውም። ይልቁንስ ክንፎቹን አስረዝመው ወደ 150 ሜጋኸርዝ ቢወርዱ፣ ዝርዝር እየጠፋብዎትም ቢሆን ጥልቀት ያገኛሉ።

በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያው ሙከራ ዳዮድ አያስፈልግዎትም። የግቢዎ አፈር የሚለወጠው በናኖሰከንድ ሳይሆን በወቅት ስለሆነ፣ ክንፎቹን ከቁርጥራጭ መዳብ ሠርተው መካከላቸውን በእጅ እየበየዱና እያላቀቁ ሰፊውንና ጠባቡን ቅርጽ ማወዳደር ይችላሉ። ዳዮድ የሚያስፈልገው አንቴናው እየተጎተተ ከደረቅ ወደ እርጥብ ቦታ ሲያልፍ ነው። አሁን አንድ የብረት ሰሌዳ በ50 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይቅበሩና ሁለቱንም ቅርጾች በግንቦትና በነሐሴ ይለኩ፤ በነሐሴ ሰሌዳው በሁለቱም ቅርጾች ካልታየ ጥፋቱ የአንቴናው አይደለም።