የመኪናዬ ቴፕ 50 ዋት ነው፤ ምን ዓይነት ስፒከር ልግዛ?

ጥያቄ፦ የቶዮታ ቪትዜ የፊት በር ስፒከሮች ወረቀታቸው ስለተቀደደ ድምፅ ከፍ ሳደርግ ይንጫጫሉ። ቴፑ ላይ «50 ዋት × 4» የሚል ጽሑፍ አለ። ሶማሌ ተራ ስጠይቅ አንዱ ነጋዴ «ባለ 300 ዋቱን ካልገዛህ ይቃጠልብሃል» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ በየበሩ ሁለት ስፒከር በአንድ መስመር ቢገጠም ድምፁ እጥፍ ይሆናል ይላል። የትኛውን ልስማ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም አይስሙ። ሞተሩ ሲሠራ ቴፑ የሚያገኘው 14.4 ቮልት ገደማ ነው። በዚህ ቮልቴጅ የቴፑ የራሱ አምፕሊፋየር ለባለ 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ስፒከር የሚሰጠው ንጹሕ ኃይል በስሌት እንኳ ከ26 ዋት አያልፍም፤ በተግባር ከ15 እስከ 20 ዋት አካባቢ ይሆናል። 50 የሚለው ቁጥር የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ ከተበላሸ በኋላ የሚለካ ስለሆነ ለሙዚቃ አይጠቅምም፤ ትዊተሮችን፣ ማለትም ቀጭን ድምፅ የሚያወጡትን ትንንሽ ስፒከሮች፣ የሚያቃጥለውም ብዙ ጊዜ ይኸው የተበላሸ ድምፅ ነው።

ስፒከሩ ላይ የተጻፈው 300 ዋት ደግሞ የመሸከም አቅሙን እንጂ የድምፁን ጉልበት አይናገርም። እርስዎ ሊጠይቁ የሚገባው በዴሲቤል የሚጻፈውን የስፒከሩን ንቃት ነው፤ ይኸውም በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት ምን ያህል እንደሚጮኽ የሚያሳየው ቁጥር ነው። የ3 ዴሲቤል ብልጫ የሚፈለገውን ኃይል በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ባለ 92 ዴሲቤሉ በ20 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ ለማግኘት ባለ 86ቱ 80 ዋት ይፈልጋል፤ ያን ያህል ኃይል ደግሞ ቴፕዎ የለውም። አንዳንድ አምራቾች በ1 ዋት ፈንታ በ2.83 ቮልት ስለሚለኩ፣ ይህም በ4 ኦም ላይ 2 ዋት ስለሆነ፣ ከእነርሱ ቁጥር 3 ቀንሰው ያወዳድሩ። ንቃቱ 90 እና ከዚያ በላይ፣ «አር ኤም ኤስ» የሚለው፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሸከመው ኃይሉ ከ30 እስከ 60 ዋት የሆነ ባለ 4 ኦም ስፒከር ይበቃዎታል።

ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች በአንድ መስመር ጎን ለጎን ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ። አብዛኞቹ ቴፖች የተሠሩት ከ4 እስከ 8 ኦም ላለው ስለሆነ ከመጠን በላይ ይግላሉ፤ ከዚያም ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ቴፑ ራሱ ይቃጠላል። ሲገዙ በቴስተር ያስለኩት፤ ጤነኛ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 4 ባለው መካከል ያነባል።

ከመግዛትዎ በፊት የድሮውን አስፈትተው ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱንም ይለኩ፤ መስተዋቱ እስከ ታች ሲወርድ ማግኔቱን መንካት የለበትም። ሽቦ ለመቆጠብ የስፒከሮቹን ኔጋቲቭ በአንድ ላይ የሚያስር ወይም ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚያገናኝ ባለሙያ ካጋጠመዎ ያስቁሙት፤ በዛሬዎቹ ቴፖች ሁለቱም ሽቦዎች ኃይል ስለሚያስተላልፉ ቴፑ ይበላሻል። የፖዘቲቩ ምልክት ከጠፋ ደግሞ ስፒከሩን ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ያስነኩት፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከገፋ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቩ ነው።