ኩሬው በዓሣ ሞልቷል፤ ለምጣድ የሚበቃ ግን የለም

ጥያቄ፦ የምኖረው ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከመስኖ ቦይ ውሃ የሚቀበል፣ ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ኩሬ ቆፍሬ ከሁለት ዓመት በፊት 400 የቀረሶ ዓሣ ጫጩት ጨመርሁበት። በመጀመሪያው ዓመት ከቤት ተርፎ ለጎረቤት የሚዳረስ ዓሣ አውጥቼ ነበር። አሁን ግን መረብ ስጥል የሚወጣው ሁሉ ከጣት አይበልጥም፤ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ብጨምርም ለውጥ አላየሁም። አንዱ ወዳጄ “ዘሩ ደክሟልና ሌላ ጫጩት ጨምርበት” ይለኛል፤ ሌላው “ሌሎች ዓሦችን የሚበላውን አምባዛ ልቀቅበት” ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ወዳጅዎን ምክር ይተዉት፤ የሁለተኛውን ግን ለጊዜው ያቆዩት፣ እንመለስበታለን። ኩሬዎን ያስቸገረው የዓሣ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። ቀረሶ በሰፊ ሐይቅ ውስጥ አድጎ የሚራባ ቢሆንም፣ በጠባብ ኩሬ ሲጨናነቅ ገና 20 ወይም 30 ግራም ሳለ፣ በጥቂት ወራት ዕድሜው መራባት ይጀምራል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል፣ ጫጩቶቿንም አደጋ ሲመጣ መልሳ በአፏ የምትሰበስብ በመሆኗ ከልጆቿ ብዙዎቹ ይተርፋሉ፤ እሷ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለማትመገብ ሳታድግ ትቀራለች። ሙቀቱ ከተመቻት ከአንድ ወር ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እንደገና ትወልዳለች። እንዲህ ባለ ኩሬ ላይ የሚበተን ፉርሽካ አፍ ያበዛል እንጂ ሥጋ አይጨምርም።

መፍትሔው ኩሬውን ጨርሶ ማፍሰስ ነው። መረብ ደጋግሞ መጎተት ትልልቆቹን ለቅሞ ትንንሾቹን ስለሚተው ችግሩን ያባብሰዋል። ጊዜውን በዐቢይ ጾም ቢያደርጉት መልካም ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን፣ በወልዲያም ሆነ በደሴ የዓሣ ፈላጊው የሚበዛው ያኔ ነው። ለገበያ የማይሆነውን ጥቃቅን ዓሣ በፀሐይ አድርቀው ቢወቅጡት ጥሩ የዶሮ መኖ ይወጣዋል። የተረፈውን ግን “ነፍስ ነው” ብለው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሌላ ውሃ እንዳይለቁት አደራ እላለሁ። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ውስጥ የሚገኘው ቀረሶ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በሰው እጅ የገባ ነው፤ አንድ ጊዜ የገባ ዓሣ ደግሞ ተለቅሞ አይወጣም። ውሃው ካለቀ በኋላ ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ ያድርቁት፤ ጫጩት በእፍኝ ውሃ ውስጥ ስለሚተርፍ ኩሬው ጥግ በሚቀረው ረግረግ ላይ ኖራ ይበትኑበት። በቦዩ መግቢያ ላይም ጠባብ ዓይን ያለው ወንፊት ያስሩ።

መልሰው ሲሞሉት ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ ማለትም እንደ መጀመሪያው 400 ይበቃዎታል። ከተቻለ ግን ሁሉም ወንድ ይሁኑ፤ ወንዱ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋል፣ መራባቱም ይቀራል። መለየቱ ልምምድ እንጂ ትምህርት ቤት አይጠይቅም። 30 ግራም ያህል የደረሰውን ዓሣ በእርጥብ እጅዎ በጀርባው አስተኝተው ከሆዱ በስተኋላ ያለውን ትንሽ ጉብታ ይመልከቱ፤ ለቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ ቀለም በጥጥ ነካ ቢያደርጉበት ቀዳዳዎቹ ጎልተው ይታያሉ። ከፊንጢጣው ሌላ በጉብታው ጫፍ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለች ወንድ ነው፤ በጉብታው ላይ አግድም የተሰነጠቀች ሌላ ቀዳዳ ከተጨመረች ሴት ናት። የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ ጥቂት ሴቶች ማምለጣቸው አይቀርም።

አምባዛው የሚያስፈልገው የእነዚህን ያመለጡ ሴቶች ልጆች እንዲበላ ነው። አሁን ቢለቁት ግን ትንሹ አምባዛ ጣት የሚያህለውን ቀረሶ መዋጥ አይችልም፤ ትልቁ ደግሞ አዲስ የሚጨምሯቸውን ጫጩቶች ይጨርስብዎታል። ስለዚህ ቀረሶዎቹ ከገቡ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በቁመት ከእነሱ የሚያንሱ አምባዛዎች ለሃያ ቀረሶ አንድ ሂሳብ ይጨምሩ። አምባዛ በኩሬ ውስጥ እንደ ቀረሶ ስለማይራባ እሱ ደግሞ ይበዛል ብለው አይስጉ።

ስለ መኖው ብዙ አልልም፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በልተው ከሚጨርሱት አያስበልጡ። ፍግ ከጨመሩ ግን ክንድዎን ቀጥ አድርገው ወደ ውሃው ያስገቡ፦ ውሃው ክርንዎ ላይ ሲደርስ መዳፍዎ ከዓይን ከተሰወረ ፍጉ የሚያመጣው አረንጓዴነት ልክ ነው፤ ገና አንጓዎ ላይ ሳይደርስ ከተሰወረ ፍጉን ያቁሙ። እንዲህ የወፈረ ውሃ ሌሊት አየር ያጥረዋል፤ ንጋት ላይ ቀረሶዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ንጹሕ ውሃ ከቦዩ ይልቀቁባቸው። በዚህ ጊዜ አምባዛውን አይተው እንዳይዘናጉ፤ እሱ ከላይ አየር መሳብ ስለሚችል ቀረሶው ሁሉ አልቆም በሕይወት ይቆያል። ይኸው ችሎታው በክረምት ሌሊት በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ከኩሬው እንዲወጣ ስለሚረዳው፣ ሐምሌ ሳይገባ ዙሪያውን ጉልበት በሚደርስ አጥር ይከልሉት።