የአባትህን ስላይድ ሳትይዝ የቀዶ ሕክምና ቀን አታስቆርጥ

«አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፣ ፒኤስኤ (በደም ምርመራ የሚለካ የፕሮስቴት ፕሮቲን) 11፣ ግሊሰን 7። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ካንሰሩ ይመለስ አይመለስ እንደሆነ መገመት ይቻላል?» ብለሃል። ይቻላል ወንድሜ። እኛም ያው እንዳንተ ነበርን፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ።

1. «ግሊሰን 7» ብቻ አይበቃም። ግሊሰን ካንሰሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን ያህል ክፉ እንደሚመስል የሚነግር ደረጃ ነው፤ ሁለት ቁጥር ተደምሮ ነው የሚገኘው። 3+4 ነው ወይስ 4+3? የሚቀድመው ቁጥር ናሙናው ላይ በብዛት የታየው ነው። 4 ከቀደመ ይከፋል። የአባቴ ወረቀት 7 ብሎ ዝም። ከፕሮስቴታቸው ከተወሰዱት 12 ናሙናዎች ስንቱ ላይ ካንሰር እንዳለም አይልም። «መካከለኛ ነው» ሲሉን እፎይ ብዬ ቀን አስቆረጥኩ፣ ቀብድም ከፈልኩ። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው።

2. ስላይዱን፣ ማለትም ናሙናው ያለበትን መስታወት፣ አውጥተህ ሌላ ፓቶሎጂስት (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚያነብ ሐኪም) ያንብበው። አንጀቴ ያረረው እዚህ ላይ ነው። ላብራቶሪው ጋ አምስት ቀን ተመላለስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ውጤቱን ወስደሃል አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ። በማግስቱ ኃላፊው የሉም። ከዚያ የሐኪም ደብዳቤ አምጣ። ደብዳቤው ሲመጣ ማኅተሙ አይነበብም። አባቴ ታክሲ ውስጥ ይጠብቁኛል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣባቸው ባለታክሲውን ሽንት ቤት ያለው ካፌ እየለመኑ። በዚህ መሀል የቀዶ ሕክምናው ቀን አለፈ፣ ቀብዱም ቀረ። በመጨረሻ ስላይዶቹን በጥጥ ጠቅልለው በመድኃኒት ካርቶን ሰጡኝ። ሁለተኛዋ ፓቶሎጂስት አነበቡት፦ 4+3፣ ከ12ቱ 7ቱ ላይ።

ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅህ በቁጥር ላሳይህ። ካንሰሩ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመመለስ ዕድሉን የሚገምት ካፕራ የሚባል የነጥብ አሰጣጥ አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ነው፣ ከ0 እስከ 10። አባትህ ከ50 ዓመት በላይ ስለሆኑ 1፣ ፒኤስኤያቸው ከ10 ስላለፈ 2፣ በድምሩ 3 ይዘዋል። 3+4 ከሆነ 1 ይጨመርና 4 ይሆናል፤ መካከለኛ ነው። 4+3 ከሆነ ግን 3 ይጨመራል። 6 ደረሱ ማለት ነው፣ ከፍተኛ። ካንሰር የተገኘባቸው ናሙናዎች 34 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሌላ 1፣ ካንሰሩ ከፕሮስቴቱ ሽፋን ወጥቶ ከሆነም 1። በአንድ ወረቀት ላይ ባልተጻፈ ነገር ሰው ከመካከለኛ ወደ ከፍተኛ ይሄዳል!

የእኛ ሐኪም አዲሱን ውጤት ሲያዩ መጀመሪያ የአጥንት ስካን አዘዙ። ቀዶ ሕክምናው ላይ በአካባቢው ያሉትን ንፍፊቶችም (ሊምፍ ኖዶች) አወጡ። ጨረር ሊያስፈልግ እንደሚችልም ለአባቴ ቀድመው ነገሯቸው። አስፈለገም። አባቴ ግን አልደነገጡም፤ ያውቁት ነበራ። ዘንድሮ ከታከሙ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ፒኤስኤያቸው ከ0.1 በታች። ያንን መስኮት ባለመልቀቄ እኮራለሁ።

3. አባትህ ለፕሮስቴት እብጠት ፊናስተራይድ ይወስዱ ከነበረ ለሐኪሙ ንገር። ከስድስት ወር በላይ ሲወሰድ ፒኤስኤውን በግማሽ ያህል ያወርደዋል። ያኔ 11 የተባለው 22 አካባቢ ሊሆን ይችላል።

ስላይዱን ስትቀበል ደግሞ መስታወቱ ላይ ያለው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ቆመህ አመሳክር። የእኛ አንዷ የሌላ ሰው ነበረች።