መጸለይ ሲያቅትሽ ሌላው ይጸልይልሽ

እህቴ፣ «እናቴ በልብ ድካም ተኝታለች፤ ሐኪሞቹ ሙሉ በሙሉ አትድንም አሉን። እኔ ደግሞ መጸለይ አቃተኝ። እናንተ በእንዲህ ያለ ጊዜ እምነትን ከየት አገኛችሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እግዜር ይማርልሽ። እኔም አባቴን በዚሁ በሽታ አስታምሜያለሁ።

እኛ የአምባሰል ሰዎች ነን፣ ከውጫሌ በላይ ካለው ደጋ። አባባ ትንፋሽ ሲያጥራቸው መኪና መንገድ ድረስ የወረዱት በቃሬዛ ነው። የተሸከሟቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ወሎ አይደል? የአንዱ ትከሻ ሲዝል ሌላው ይገባለታል። «አብሽሪ፣ አላህ ያሽራቸዋል» ይሉኛል። እኔ ጋቢያቸውን ታቅፌ ከኋላ እከተላለሁ። አባታችን ሆይ እንኳ ጀምሬው መሀል ላይ ይጠፋብኛል።

ደሴ ተኝተው ሳለ የነፍስ አባታችን ሊጠይቁ መጡ። «አባ፣ እምነቴ ያለቀ መሰለኝ» አልኳቸው። አልተቆጡኝም። ማርቆስ ምዕራፍ 2ን አወጡና አነበቡልኝ፤ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፣ ሰው ቢበዛባቸው ጣራ ነድለው ያወረዱትን። ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ግን ሽባው አንዲት ቃል ሲናገር እንዳልተጻፈ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ጌታ ያየው የእነዚያን ተሸካሚዎች እምነት ነው። «አንቺም አሁን ደክሞሻል፤ እኛ እንሸከምሽ» አሉኝ። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ራሴን ማስጨነቅ ተውኩ። የአባባን የክርስትና ስም ለካህናቱ ሰጠሁ፤ በቅዳሴ አሰቧቸው። የእናቴ የጽዋ ማኅበርተኞች እየመጡ ዳዊት ደገሙላቸው፤ እኔ ዝም ብዬ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ቀንዲልም፣ ማለት ካህናት ጸልየው በሽተኛውን ዘይት የሚቀቡበት ሥርዓት፣ ተደረገላቸው። ቀንዲል ሊሞት ላለ ሰው ብቻ ይመስለን ነበር፤ ያዕቆብ 5፥14 ግን «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ነው የሚለው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የልብ ድካም ውሃ በሰውነት ውስጥ ያጠራቅማል። የአባባን እግር በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀር ነበር፤ ሌሊት በሁለት ትራስ ተደግፈው ካልሆነ አይተኙም። ሐኪሙ ጨው ከለከላቸው፣ የሚጠጡትንም ወሰነላቸው። ዘመድ ደግሞ ጸበሉን በጆግ ሊያጠጣቸው ይፈልጋል! አባን ብንጠይቃቸው «ጸበል በጆግ አይለካም፤ አንድ ጉንጭ ይበቃል፤ ኪኒናውም እንዳይቋረጥ» አሉን። ከጾሙም ፈቱላቸው። ሲራክ 38 ላይ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ተብሎ ተጽፏል። «መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው» የሚልሽ ካለ ጆሮ አትስጪው።

አልዋሽሽም፣ አባባ አልዳኑም። የእግራቸው እብጠት ጎደለ፣ ትንፋሻቸው ቀለል አለ፣ ቤታቸው ገብተው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ቡና ጠጡ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ፤ ኋላ አረፉ። የማለቅስበትም የምናደድበትም ቀን አለ፤ ጌታም በአልዓዛር ሞት አልቅሷል። ጸሎቴ የተመለሰልኝ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝም ያ ልጁ የታመመበት አባት የተናገረው ነው፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» (ማርቆስ 9፥24)። ከዚያች በላይ ምንም ያላልኩባቸው ብዙ ቀናት ነበሩ። አንቺም እሷን በይ፤ ካቃተሽም ተያት።

የእናትሽን የክርስትና ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም የምንወጣ አለን፤ እስከዚያም በየቅዳሴው ስሟን እናስጠራለን። ማታ ማታ ብቻሽን አትደሪ፤ እህት ወይም ጎረቤት ተራ ይግባልሽ፣ አንቺም እንቅልፍ ያስፈልግሻል።