የቮልሱ ቦዲ ከሻንሲው ይነሳ ወይስ ሳይነሳ ይቀባ?

ጥያቄ፦ «ከአባቴ የወረስኩት በፈረንጆች አቆጣጠር የ1967 ሞዴል ቮልስዋገን አለኝ። ቀለሙ በየቦታው አባብጧል፤ ከበሮቹ ሥር ያለው ላሜራ በጣት ሲጫኑት ይሰነጠቃል፤ ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የተቀመጠበት ወለልም ተበስቷል። አንድ ቀቢ በስቱኮ (ጉድጓድ በሚሞላ ልጥፍ) ሞልቶ በ15 ቀን ውስጥ አዲስ እንደሚያደርገው ነገረኝ። ሌላው ግን ቦዲውና ከሥሩ የሚሸከመው ሻንሲ ካልተለያዩ ሥራው ከንቱ ድካም ነው ይላል። የማንን ልስማ? ሥራውስ ከየት ይጀመር?» አዲስ አበባ ከሚኖሩ አንባቢ

መልስ፦ ሁለተኛውን ይስሙ። የመጀመሪያው ቀቢ ለዓይን የሚያምር መኪና ሊያስረክብዎት ይችላል፤ ነገር ግን የጠቀሱት ጉዳት ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ የወጣ ዝገት ነው። በቮልስ ላይ ከበሮቹ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቀው ሳጥን መሰል ላሜራ ቦዲውን ቀጥ አድርጎ ከመያዙም በላይ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ውሃና ጭቃ ይተኛበታል፤ ላዩ ላይ እብጠት በሚታይበት ጊዜ ውስጡ ብዙውን ጊዜ አልቋል። በተበላ ላሜራ ላይ የተሞላ ስቱኮ ደግሞ ከጀርባው እርጥበት እየጠጣ ብዙ ሳይቆይ ይነሳል።

ለማንም ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት መኪናውን ራስዎ ይመርምሩ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ጎማዎቹን በሚሸፍኑት ፓራፋንጎዎች፣ በበሮቹና በጣሪያው ላይ ያንሸራቱ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለበት። ቀጥሎም በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በፊተኛው ኮፈን የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ያለውን ቀለም በቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ እስከ ብረቱ ድረስ ይፈግፉት። ቀለሞቹ ቀለበት በቀለበት ሆነው ይወጣሉና ስንት ጊዜ እንደተቀባ ይቆጥራሉ። ከፋብሪካው ቀለም በላይ ሁለት ሦስት ቅብ ካገኙ ሁሉም እስከ ብረቱ ይነሳ፤ አዲሱ ቀለም የሚጸናው ከሥሩ ካሉት ሁሉ የደከመው እስከጸና ድረስ ብቻ ነውና። ውሃውን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ደረቅ ብናኙን መተንፈስ አይገባም።

ወደ ሥራው ስንገባ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። ቦዲው መነሳት አለበት፤ የሚነሳው ግን ከበሮቹ ሥር ያለው ላሜራ ተቆርጦ አዲሱ ከተበየደ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ሻንሲው ራሱ እንደ መለኪያ ሆኖ ቅርጹን የሚይዘው ቡሎኖቹ እንደታሰሩ ሳሉ ነው። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪውና ከፊት ኮፈን ሥር ያለው የቤንዚን ታንከር ይውጡ፤ የቤንዚን ቱቦው በሻንሲው መሐል እንደ አከርካሪ በተዘረጋው ተነል ውስጥ ስለሚያልፍ እሱም ባዶ ይሁን። ከዚያም በሮቹን ዘግተው በዙሪያቸው ያለውን ክፍተት እየለኩ ቁጥሩን እዚያው ላሜራው ላይ ይጻፉ። በሮቹ ከወጡ በኋላ በእያንዳንዱ የበር ክፍት ቦታ ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ የብረት ቱቦ ይበየድ፤ አንድ ሌላ ቱቦ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይዘርጋ። ሙያውን በጀመርኩበት ዘመን አንድ ቮልስ ያለዚህ ድጋፍ አንስቼ፣ መልሼ ሳሳርፈው ሁለቱም በሮች አልገጥም ብለውኛል፤ ያንን ለማቃናት የፈጀብኝ ጊዜ ከቅቡ በለጠ።

ቦዲው ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ዙሪያውን በተደረደሩ፣ በ13 ቁጥር ቁልፍ በሚፈቱ ቡሎኖች እንዲሁም በ17 ቁጥር ቁልፍ በሚፈቱ ጥቂት ወፍራም ቡሎኖች ነው። ብዙዎቹ ዝገው ስለሚጣበቁ ለቀናት ዘይት እያጠጡ ይታገሷቸው። የመሪው መጋጠሚያ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦ፣ የሞተሩ ሽቦዎችና የማሞቂያው ገመዶች መፈታታቸውን ያረጋግጡ። ሁልጊዜ የሚረሳው ከግራ የፊት ጎማ ተነስቶ ወደ ፍጥነት መለኪያው የሚሄደው ገመድ ነው። ይህ ሁሉ ከተፈታ አምስት ስድስት ሰው ባዶውን ቦዲ ያነሳዋል።

ሻንሲው ላይ መጀመሪያ የባትሪውን ጥግ ያክሙ። የባትሪ አሲድ በብረቱ ቀዳዳና በስፌቱ ውስጥ ስለሚቀር በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ እያፈሰሱ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ይጠቡት፤ ከዚያ የተበላው ተቆርጦ ተመጣጣኝ ውፍረት ያለው ላሜራ ይበየድበት። ወፍራም ስለሆነ ሻንሲውን በአሸዋ ግፊት ማጽዳት ይቻላል፤ ነገር ግን የተነሉ ቀዳዳዎች ሁሉ አስቀድመው በጥብቅ ይደፈኑ። የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ገመዶች የሚሄዱት በዚያ ውስጥ ስለሆነ የገባው አሸዋ ለዓመታት ይፈጫቸዋል። ከኋላ ወንበር ሥር በተነሉ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ግራይንደር አያስነኩት፣ አሸዋም አያስመቱት፤ በቴፕ ይሸፍኑትና በኋላ በእጅ አጽድተው ስስ ቅብ ብቻ ይስጡት። ቁጥሩ ካልተነበበ በዓመታዊ ምርመራም ሆነ በሽያጭ ጊዜ የሚመጣውን ጣጣ መገመት አያዳግትም።

ቦዲው ግን አሸዋ አይወድም። ጣሪያው፣ ኮፈኑና በሮቹ ስስ ላሜራ ስለሆኑ በአሸዋ ግፊት ይወዛወዛሉ፤ አንዴ ከተወዛወዙ ደግሞ ባቱላሜራው የቱንም ያህል ቢጠበብ እንደ ድሮው አይሆኑም። እነዚህን በቀለም ማንሻ ኬሚካል ያላቁና በቁጥር 80 ቀጥሎም በቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። ኬሚካሉ በላሜራ እጥፋት ውስጥ ከቀረ አዲሱን ቀለም ከሥሩ ያነሳዋልና በብዙ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ። በጉድጓዶች ውስጥ ለቀረ ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ማጽጃ ይጠቅማል፤ እሱም ታጥቦ ካልወጣ በላዩ የሚመጣው ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ብረቱን ከእርጥበት የሚከላከለው የመጀመሪያ ቅብ፣ አይጣበቅም።

የተራቆተ ብረት ሳይቀባ ማደር የለበትም። ኢፖክሲው በዚያው ቀን ይረፍበት፤ ስቱኮም የሚሞላው ከኢፖክሲው በላይ ነው። ብዙ ጋራዦች ስቱኮን በቀጥታ በብረቱ ላይ ይለጥፋሉ፤ እኔ ግን አልስማማበትም። ስቱኮ እንደ ስፖንጅ እርጥበት ስለሚጠጣ ከሥሩ መከላከያ ይፈልጋል፤ በዚሁ ምክንያት ስቱኮውን በውሃ መፈግፈግም ስህተት ነው። በደረቁ ከቁጥር 80 ጀምረው በ180 አልፈው በ320 ይጨርሱ፣ ከዚያ መሙያ ፕራይመር ይረጭ። በፕራይመሩ ላይ ጥቁር ቀለም እንደ ጤዛ ስስ አድርገው ይርጩና በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ቁጥር 400 ወረቀት ይፈግፉ፤ ጥቁሩ ሳይነካ የቀረበት ሁሉ ጉድጓድ ነው። ጎርባጣውን ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ከማየት እዚህ ላይ ማየት ይሻላል።

ሥራውን በሐምሌና በነሐሴ ባይጀምሩት እመክራለሁ። በአዲስ አበባ ክረምት ብረቱ ላይ ዓይን የማያየው እርጥበት ያርፋል፤ በበጋም ቢሆን ምሽቱ ስለሚቀዘቅዝ ኢፖክሲው ሳይጠነክር ሊያድር ይችላልና የሚረጨው ረፋድ ላይ ይሁን። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው የመጨረሻው ቀለም ኢሶሳይኔት የሚባል ለሳንባ አደገኛ ነገር አለበት፤ ቀቢዎ አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ የሚረጭ ከሆነ ሌላ ቀቢ ይፈልጉ።

ፓራፋንጎዎቹ ተፈትተው ለየብቻ ይቀቡ፤ በእነሱና በቦዲው መካከል የሚገባው ጎማም ከቅብ በኋላ አዲስ ይሁን። በቦዲውና በሻንሲው መካከል የሚያርፈውን ጎማ ቦዲው ከመነሳቱ በፊት ገዝተው ይያዙ፤ እሱን ፍለጋ ሲባል ብቻ ወራት የቆመ መኪና አውቃለሁ። የቡሎን ጥርሶች ቀለም እንዳይሞላቸው አሮጌ ቡሎን ይሰኩባቸው፤ የባትሪውና የካምቢዮው የመሬት ሽቦዎች የሚታሰሩበትን ቦታ በቴፕ ይሸፍኑ፤ አለበለዚያ ተቀብቶ ያለቀው መኪና አልነሳ ሊል ይችላል። የቀለሙን ዓይነት ለመቀየር ካሰቡ ደግሞ ቀለሙ ሊብሬው ላይ ስለሚጻፍ ቆርቆሮው ከመከፈቱ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን ቢሮ ይጠይቁ።