«ለምን ሰማያዊ?» ብለው ሲጠይቁሽ

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በግራፊክ ዲዛይን ተመረቅኩ። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ፣ ለልምምድ የሠራሁትን የጁስ ቤት ሎጎ አሳየኋቸው። «ለምን ሰማያዊ?» አሉኝ። «ሰማያዊ መታመንን ስለሚገልጽ» አልኩ። ተያይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲህ አልደወሉም። የቀለም ሳይኮሎጂ ኮርስ ከፍዬ ልማር?

መልስ፦ ብርሽን አታውጪ፣ እህቴ። ቀይ ያስርባል፣ ሰማያዊ ያሳምናል፣ አረንጓዴ ተፈጥሮ ነው የሚለው ሰንጠረዥ ቴሌግራም ላይ በነጻ ሞልቷል። የጠየቁሽ ሰዎችም በቃላቸው ያውቁታል፤ ፈገግታው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ደግሞስ ጁስ ሊጠጣ የገባ ሰው ስለ መታመን መቼ አስቦ ያውቃል? ማንጎው የዛሬ ነው ወይ ነው የሚለው።

ቀለም ደንበኛ ላይ ይሠራል፣ ያውም ሰውየው ሳያስተውለው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ኮካ ኮላ አሜሪካ ውስጥ ለገና በዓል ብሎ ቀዩን ጣሳ ነጭ አደረገው። ዓላማው ለዋልታ ድቦች ጥበቃ ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር፤ ማን ይቃወማል? ሰዉ ግን ነጩን ጣሳ ከብርማው ዳይት ኮክ (ስኳር ከሌለበት ኮካ) ጋር እያምታታ ይገዛ ጀመር። አንዳንዱማ ጣዕሙ ተቀይሯል ብሎ ቅሬታ አቀረበ። ውስጡ ያለው መጠጥ ያው ነው! ኩባንያው በሳምንታት ውስጥ ቀዩን ጣሳ መልሶ አወጣ። እዚህ ላይ ልብ በይ፤ ቀዩ ለደንበኛው «ፍቅር» ወይም «ጉልበት» አላለውም። «የምታውቀው ኮካ ይኸውልህ» ነው ያለው። ያንን ምልክት ሲያጣ ምላሱም ተጠራጠረ።

የእኛም ባንኮች እንዲሁ ናቸው። ንግድ ባንክ ሐምራዊ፣ አቢሲኒያ ቢጫ፣ ዘመን ቀይ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆነሽ ጽሑፉ ገና ሳይነበብ ቅርንጫፉን ትለያለሽ። ማንበብ የማይችሉ እናትም ይለያሉ። ሐምራዊ ስለ ብር ምን ይላል ብትይኝ፣ ምንም። ጎረቤቱ ካለው ቀለም መለየቱና ለዓመታት አለመቀያየሩ ነው ሥራውን የሠራው። (በነገራችን ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አድርጊልኝ የሚል ደንበኛ በሽበሽ ነው። አገር መውደዱ መልካም፤ ግን መንገዱ ሁሉ እሱ ሲሆን ማን ከማን ይለያል?)

አሁን ወደ ጁስ ቤትሽ። ሰማያዊው መጥፎ ምርጫ ነበር ብዬ አላምንም። ጁስ ቤት ሲባል ብርቱካናማና አረንጓዴ ይበዛል። የማንጎና የፓፓያ ብርቱካናማ ደግሞ ሰማያዊ ጀርባ ላይ እንደሚጎላው ሌላ ቦታ አይጎላም። «አካባቢው ያሉትን ጁስ ቤቶች ፎቶ አነሳሁ፣ ሰማያዊ አንድም የለም፣ ጁሱም በብርጭቆ ሲቀመጥ ቀድሞ ይታያል» ብትያቸው ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር።

ስለዚህ ኮርሱን ተይና ያንኑ ሥራ እንደገና አዘጋጂው። መጀመሪያ የተፎካካሪዎቹ ምልክቶች በአንድ ገጽ ተደርድረው ይታዩ፤ የአንቺን መሃላቸው አስገቢው። ቀጥሎ ሎጎውን ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ያኔ ፊደሉ ከጀርባው ጋር ከተዋሃደ ቀይና አረንጓዴ መለየት ለሚቸግረው ሰውም፣ ፀሐይ ላይ ስልኩን ለሚያይም አይነበብም። ከዚያ አሳትሚው፤ ጀማሪዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ስክሪን ላይ ቦግ ያለ ሰማያዊ ባነር ላይ ሲወጣ ደብዝዞ ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል፣ ምክንያቱም ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ነው የሚሠራው። ማተሚያ ቤት ሂጂና ትንሽ ናሙና አሠሪ፣ የስክሪኑንና የታተመውን ጎን ለጎን ፎቶ አንሺ፣ ምን እንዳስተካከልሽ ከሥሩ በሁለት መስመር ጻፊ። ብዙ አለቆች ከሎጎው ይልቅ ይቺን ገጽ ነው የሚያዩት፤ የተበላሸ ባነር የሚከፍሉት እነሱ ናቸዋ።

ለዚያው ድርጅትም ደግመሽ ብታመለክቺ ምንም ነውር የለውም። በኢሜይሉ ላይ «ስለ ሰማያዊው የጠየቃችሁኝን እንደገና ሠርቼዋለሁ» በይና ፋይሉን በፒዲኤፍ አያይዢ። ከአምስት ገጽ አይብለጥ።